ወርቅ ወተት ውስጥ በተደበቀ መድኃኒት ላይ ሲያሳብቅ

አንዲት ላም ታመመች እንበል። ከአራቱ የጡቷ ክፍሎች አንዱ አብጧል። ሲነኩት ይሞቃል። ወተቱም እየተቆራረጠ፣ ጓል ጓል እያለ ይወጣል። የጡት ብግነት ነው። የእንስሳት ሐኪሙ በትንሽ ቱቦ የተዘጋጀ አንቲባዮቲክ በጡቷ ጫፍ ቀዳዳ ያስገባላታል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እብጠቱ ይጎድላል፣ ወተቱም መልኩን ያስተካክላል። ላሚቱ ዳነች። ጣጣው የሚጀምረው ግን ይሄኔ ነው። ወተቱ ደህና መስሎ ይታያል እንጂ መድኃኒቱ ገና ከውስጡ ተጠርጎ አልወጣም።

ይህ ቅሪት በዓይን አይታይም። አይሸትም። ሲቀመስም አይታወቅም።

መድኃኒቱ መያዣ ላይ የመጠበቂያ ጊዜ ተጽፏል። ያ ጊዜ እስኪያልፍ የታለበው ወተት ለሽያጭም ለመጠጥም መዋል የለበትም። ደንቡ ቀላል ነው፣ የሚከብደው መፈጸሙ ነው። ላሞቹ ብዙ ከሆኑ የትኛዋ እንደታከመች ይረሳል። ጠዋት ያከመው ሰው ሌላ፣ ማታ የሚያልበው ሌላ ይሆናል። አንዳንዱ ደግሞ የታመመውን ክፍል ወተት ብቻ ደፍቶ የሦስቱን ከሌላው ጋር ይቀላቅላል። ጤነኛ ናቸው ብሎ ነው፣ ክፋት የለበትም። ግን መድኃኒቱ ከገባበት ክፍል ወደ ደም ይሻገራል፣ በደም ዞሮም ሌሎቹ ጋ ይደርሳል። መደፋት ያለበት የአራቱም ወተት ነው።

አሁን ቁጥሩን እንይ። የአውሮፓ ኅብረት ወተት ውስጥ ለሚገኝ ፔኒሲሊን ጂ ያስቀመጠው ጣሪያ በኪሎ 4 ማይክሮግራም ነው። ማይክሮግራም የአንድ ግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ለአምፒሲሊንና ለአሞክሲሲሊንም ጣሪያው ያው 4 ነው። ለክሎክሳሲሊን 30፣ ለቴትራሳይክሊን 100፣ ለካናማይሲን 150 ይደርሳል። ክሎራምፌኒኮል ግን ለምግብ ለሚውሉ እንስሳት ጭራሽ የተከለከለ ነው። በጥቂት ሰዎች ላይ መቅኔ ደም ማምረቱን እንዲያቆም ሊያደርግ ስለሚችል “ይህን ያህል ቢሆን ችግር የለውም” የሚባል መጠን አልተገኘለትም።

4 ማይክሮግራም ምን ያህል እንደሆነ ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። 100 ሚሊግራም ፔኒሲሊን፣ ማለትም የጣት ጫፍ ላይ የሚያርፍ ዱቄት፣ ወተት ውስጥ ገባ እንበል። በማይክሮግራም 100,000 ነው። ይህን ለ4 ስናካፍለው 25,000 ኪሎ ወተትን እስከ ጣሪያው ያደርሳል። አንድ ትልቅ ቦቴ ማለት ነው። አንድ ሰው አንዲት ላም ቢረሳ የብዙ ሰው ልፋት አብሮ ይደፋል።

“ወተቱ ይፈላ የለም እንዴ?” የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ሙቀት ጀርም ይገድላል። አንቲባዮቲክ ግን ጀርም አይደለም፣ ኬሚካል ነው። የተለመደው ፓስቸራይዜሽን ወተቱን በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ያቆየዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ አብዛኛው አንቲባዮቲክ የሚጎድለው በጣም በትንሹ ነው።

ጉዳቱን ሳናጋንን እንናገር። ጣሪያውን ትንሽ ያለፈ አንድ ብርጭቆ ወተት አብዛኛውን ሰው ወዲያው አያሳምመውም። ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ግን አለ፣ ለእሱ ትንሿም ነገር ልታሰጋው ትችላለች። እርጎና አይብ የሚሠራውም ቶሎ ያውቀዋል። ወተቱን የሚያረጉት ባክቴሪያዎች በመድኃኒቱ ስለሚዳከሙ ወተቱ በወቅቱ አይረጋለትም። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን መድኃኒት የተላመዱ ጀርሞች ጉዳይ ነው። ላንሴት መጽሔት በ2022 ያወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በ2019 ብቻ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች በቀጥታ በእነዚህ ጀርሞች ሳቢያ እንደሞቱ ያሳያል። ያ ሁሉ ከወተት የመጣ ነው እያልኩ አይደለም፣ ትልቁ ምክንያት በሰውም በእንስሳም ላይ ያለው የመድኃኒቱ አጠቃቀም ነው። ነገር ግን ቅሪት በተደጋጋሚ የሚገኝበት ወተት፣ እዚያ በረት ውስጥ መድኃኒት ያለአግባብ እየተሰጠ መሆኑን ይነግረናል።

ታዲያ ዛሬ የሚመረመረው እንዴት ነው?

የቆየው ዘዴ ባክቴሪያን ራሱን ምስክር ያደርጋል። ሙቀት የሚወድ፣ ለፔኒሲሊን ቤተሰብ ግን እጅግ ስስ የሆነ ባክቴሪያ አለ። በጄል ውስጥ ከቀለም ጋር ይቀመጣል። ወተት ይጨመርበትና በ64 ዲግሪ ገደማ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል። መድኃኒት ከሌለ ባክቴሪያው ያድጋል፣ አሲድ ያመነጫል፣ ወይን ጠጁ ቀለም ወደ ቢጫ ይለወጣል። መድኃኒት ካለ ባክቴሪያው አያድግም፣ ቀለሙም እንዳለ ይቀራል። ጥሩ ዘዴ ነው። ግን ቦቴው ቆሞ ሦስት ሰዓት ይጠብቃል። ከዚያም ሌላ፣ ከታመመ ጡት የወጣ ወተት የላሟ ሰውነት ያመረታቸው የራሱ ጀርም ተከላካዮች ስለሚኖሩበት ምርመራው በሐሰት ሊጮህ ይችላል።

በሌላው ጫፍ በሞለኪውል ክብደት የሚለየው ትልቁ ማሽን አለ፣ ማስ ስፔክትሮሜትር። የመድኃኒቱን ስምና መጠን ለይቶ ይናገራል፣ የመጨረሻው ዳኛ እሱ ነው። ግን ውድ ነው፣ የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል፣ በረት ደጃፍ ላይም አይቆምም።

በእነዚህ በሁለቱ መሀል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ነው ወርቅ የተጠራው።

ወርቅ ቢጫ ነው ብለን ነው ያደግነው። እጅግ ሲደቅ ግን ቀይ ይሆናል። ማይክል ፋራዴይ በ1857 ለንደን ውስጥ ስለዚሁ ነገር ንግግር አድርጓል፣ ያዘጋጀው ቀይ የወርቅ ፈሳሽ ዛሬም ተቀምጦ ይገኛል። 13 ናኖሜትር ገደማ የሆነች የወርቅ ቅንጣት ከፀጉር ውፍረት በሺዎች እጅ ታንሳለች። ብርሃን ሲያርፍባት ላይዋ ላይ ያሉት ኤሌክትሮኖች አንድ ላይ ይወዛወዛሉ። ያን ጊዜ አረንጓዴውን ብርሃን፣ 520 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን፣ አጥብቃ ትይዛለች። ለዓይናችን የሚተርፈው ቀዩ ነው። ቅንጣቶቹ እርስ በርስ ሲጠጋጉ ደግሞ የሚይዙት ብርሃን ወደ ቀዩ በኩል ይሸሻል፣ እኛም ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ እናያለን።

ይህን በብልቃጥ ውስጥ ማየት ደስ ይላል። ፈሳሹ ደማቅ ቀይ፣ ጥርት ያለ፣ ወደ ብርሃን ሲያነሱት እንደ ከበረ ድንጋይ የሚያበራ ነው። ቅንጣቶቹ ሁሉም አሉታዊ የኤሌክትሪክ ኃይል ስላላቸው ይገፋፋሉ፣ ተራርቀው ይኖራሉ። አሁን የጨው ውኃ ጠብ ይደረግበታል። ጨው ያንን ግፊያ ይሸፍነዋል። ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ። በሰከንዶች ውስጥ ቀዩ ይደበዝዛል፣ ወይን ጠጅ ይሆናል፣ ከዚያ ሰማያዊ። ማሽን የለም፣ መብራት የለም፣ ዓይን ይበቃል። ተመራማሪዎች በዚህ ነገር ልባቸው የሚሰረቀው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዷ የወርቅ ቅንጣት ከአንድ የተለመደ ቀለም ሞለኪውል ከሺህ እጅ በላይ ብርሃን ስለምትይዝ ጥቂት ወርቅ ብዙ ቀለም ይሰጣል።

ቀለሙን ከመድኃኒቱ ጋር የሚያገናኘው ደግሞ አፕታመር የሚባለው ነው። አንድን ሞለኪውል ለይቶ እንዲይዝ የተመረጠ አጭር የዲኤንኤ ወይም የአርኤንኤ ክር ነው። የመምረጫው ዘዴ በ1990 በሁለት የአሜሪካ ቡድኖች ለየብቻ ታትሟል። አሠራሩ እንዲህ ነው። የዲኤንኤው ክር ወርቁ ላይ ይለጠፍና ከጨው ይጠብቀዋል። መድኃኒት ከሌለ፣ ጨው ቢጨመርም ወርቁ ቀይ እንደሆነ ይቆያል። መድኃኒት ካለ፣ ክሩ ወርቁን ጥሎ መድኃኒቱን ያቅፋል። ወርቁ ራቁቱን ይቀራል፣ ጨው ያገኘዋል፣ ሰማያዊ ይሆናል። በ2011 የኮሪያ ተመራማሪዎች በዚህ መንገድ ካናማይሲንን እስከ 25 ናኖሞላር ማየታቸውን ጽፈዋል። ይህ በሊትር 12 ማይክሮግራም ገደማ ነው፣ ከአውሮፓው ጣሪያ ከ150ው በብዙ ያነሰ።

ወረቀቱ ላይ ችግሩ የተፈታ ይመስላል። እኔ ግን እዚህ ላይ ነው ቆም ማለት የምፈልገው። ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ሙከራዎች መጀመሪያ የሚያምሩት በንጹሕ ውኃ ውስጥ ነው። ወተት ውኃ አይደለም።

እስቲ ያንን ቀይ ብልቃጥ መልሰን እናንሳው። አንድ ጠብታ ጥሬ ወተት እንጨምርበት። መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ መደፍረሱ ነው። ወተት ነጭ የሆነው ውስጡ ያሉት የስብና የኬዚን (ዋናው የወተት ፕሮቲን) ቅንጣቶች ብርሃንን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ስለሚበትኑት ነው፣ ያው ነጭነት የወርቁን ቀለም ይጋርደዋል። ሁለተኛው ነገር ለዓይን አይታይም፣ ግን ይብሳል። የወተቱ ፕሮቲኖች ይሯሯጡና ወርቁን እንደ ልብስ ይሸፍኑታል። የተሸፈነ ወርቅ ጨው ቢጨመርበትም አይጣበቅም። ቀይ ነበር፣ ቀይ ይቀራል። መድኃኒት ቢኖርም “የለም” ይላል።

እንዲህ ያለ ስህተት ነው የሚያስፈራኝ። በሐሰት የሚጮህ መመርመሪያ ወተት ያስደፋል፣ ያናድዳል፣ ግን ቢያንስ እንደገና ያስመረምራል። በሐሰት ዝም የሚል መመርመሪያ ግን ማንንም አይቀሰቅስም።

ሚዛኑን እንየው። አንድ ሊትር ወተት ውስጥ 33 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። የምንፈልገው ፔኒሲሊን 4 ማይክሮግራም ነው። ለአንድ እጅ መድኃኒት 8 ሚሊዮን እጅ ፕሮቲን ማለት ነው። ከዚያ በተጨማሪ አንድ ግራም ከምናምን ካልሲየም አለ፣ እሱ ደግሞ በተቃራኒው ወርቁን ያለ ጥሪው ሊያጣብቀው ይችላል። አንዱ ያስተኛዋል፣ ሌላው ያስቆጣዋል። የላሞች ወተት ደግሞ እርስ በርሱ አይመሳሰልም። ገና የወለደችው፣ ለመድረቅ የተቃረበችው፣ የታመመችው፣ የእያንዳንዷ ፕሮቲንና ጨው የተለያየ ነው።

መፍትሔው ወተቱን አስቀድሞ ማጥራት ነው ይባላል። አሲድ ተጨምሮ ፕሮቲኑ እንዲረጋ ይደረጋል። በማሽን ይሽከረከራል። ይጣራል። አሲድነቱ ይስተካከላል። ከዚያ በውኃ ይቀጠናል። ይሠራል፣ አልካድኩም። ግን አሥር እጅ ስናቀጥነው 4 የነበረው 0.4 ይሆናል፣ መመርመሪያውም ያንኑ ያህል ስሱ መሆን አለበት። ደግሞስ የሚሽከረከር ማሽን፣ አሲድና ማጣሪያ ካስፈለገ “በዓይን ብቻ የሚታይ፣ በረት ድረስ የሚሄድ” የተባለው ነገር የት ገባ?

ሌላም ጉዳይ አለ። ካናማይሲን ብዙ አዎንታዊ ኃይል የተሸከመ ሞለኪውል ነው። ወርቁ አሉታዊ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ዲኤንኤውን ሳያማክር በቀጥታ ወርቁ ላይ ሊለጠፍና ሊያጣብቀው ይችላል። ቀለሙ ይለወጣል፣ ሁላችንም አፕታመሩ መድኃኒቱን ለየው ብለን እንደሰታለን። በእርግጥ የለየው ግን የመድኃኒቱን ማንነት ሳይሆን የኤሌክትሪክ ኃይሉን ብቻ ሊሆን ይችላል። ይህን ለማጣራት የሚረዳ ቀላል ሙከራ አለ፦ አፕታመሩን አውጥቶ ፊደላቱ የተዘበራረቁ ሌላ ዲኤንኤ መተካት። ቀለሙ አሁንም ከተለወጠ አፕታመሩ ሥራ ላይ አልነበረም። ጥናት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህን ሙከራ ነው።

ይህን ሁሉ ስል ወርቅ አይረባም እያልኩ አይደለም። እንዲያውም በወተት ምርመራ ላይ ወርቅ ሥራውን ከጀመረ ቆይቷል። እንደ እርግዝና መመርመሪያ ያለውን ስስ ወረቀት፣ ስትሪፑን፣ አስቡት። ብዙዎቹ ላይ የምትታየዋ ቀይ መስመር የወርቅ ናኖ ቅንጣት ክምችት ናት። ለወተትም ያው ስትሪፕ አለ፣ በጥቂት ደቂቃዎች መልስ ይሰጣል፣ ያውም ጥሬውን ወተት ሳያጠራ። ታዲያ ብልቃጡ ውስጥ ወተት ያሸነፈው ወርቅ ወረቀቱ ላይ እንዴት ሊያሸንፍ ቻለ?

መልሱ በተሰጠው ሥራ ላይ ነው። ብልቃጡ ውስጥ ወርቁ ዳኛ ነው፣ በመጣበቁና ባለመጣበቁ ፍርድ ይሰጣል። ዳኛ ደግሞ ዙሪያው ያለው ሁሉ ይጎትተዋል፣ ጨውም ፕሮቲንም። ስትሪፑ ላይ ወርቁ መልእክተኛ ብቻ ነው። ፔኒሲሊንን የሚለይ ፕሮቲን ወይም ፀረ እንግዳ አካል ይሸከማል። ዳኛው ያ ፕሮቲን ነው። መድኃኒት ከሌለ፣ የተሸከመው ፕሮቲን መስመሩ ላይ የተለጠፈውን፣ መድኃኒቱን የሚመስለውን ነገር፣ ይይዛል፣ ወርቁ እዚያ ይከማቻል፣ ቀይ መስመር ይወጣል። መድኃኒት ካለ ግን ፕሮቲኑ እጁ ስለተያዘ መስመሩን አልፎ ይሄዳል። መስመሩ ይደበዝዛል ወይም ይጠፋል። ለፔኒሲሊን ቤተሰብ የባክቴሪያው የራሱ ፕሮቲን፣ መድኃኒቱ በተፈጥሮ የሚያጠቃው፣ ብዙ ጊዜ ለዚህ ያገለግላል። ስለዚህ አንዱን ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡን ብዙ አባላት ይይዛል።

በጣም የገረመኝ ነገር ደግሞ ይኸው፦ ለስትሪፕ የሚዘጋጀውን ወርቅ አስቀድሞ በፕሮቲን መሸፈን የተለመደ ነው፣ አንዳንዴም በዚያው በወተቱ ኬዚን። ብልቃጡን ያበላሸው ልብስ እዚህ ጋሻ ሆነ። የሚመጣው ወተት የሚያለብሰው ባዶ ቦታ አያገኝም።

ስለዚህ የእኔ አቋም ግልጽ ነው። በመጣበቅ ላይ የተመሠረቱት የቀለም መመርመሪያዎች ለላቦራቶሪ ትምህርትና ለንጹሕ ናሙና ድንቅ ናቸው። ለጥሬ ወተት ግን ወርቁን ከዳኝነት አውርዶ መልእክተኛ ማድረግ ይሻላል። አፕታመርን ወደ ስትሪፕ የሚያመጡት ሥራዎች የበለጠ ተስፋ የሚሰጡኝም ለዚህ ነው። አፕታመር በኬሚስትሪ ስለሚሠራ እንስሳ አያስፈልገውም፣ ሙቀትንም ከፀረ እንግዳ አካል ይልቅ ይችላል።

ስትሪፑም የራሱ ችግር አለው። መድኃኒት መኖሩን የሚናገረው በመስመር መጥፋት ነው። ጣሪያው አካባቢ መስመሩ አይጠፋም፣ ይገረጣል። በንጋት ጭላንጭል፣ እጅ እርጥብ ሆኖ፣ የገረጣ መስመር ማንበብ ያሟግታል። አንዱ “አለ” ይላል፣ ሌላው “የለም”። ስልክ ያንብበው የሚባለው ለዚህ ነው። ሐሳቡ መልካም ነው፣ ነገር ግን የስልክ ካሜራ ቀለምን በራሱ ያስተካክላል። ቢጫ መብራት ሥር የተነሳው ፎቶና ፀሐይ ላይ የተነሳው አንድ አይሆኑም። ከስትሪፑ ጎን የታወቀ ቀለም ያለው ካርድ ማስቀመጥ ወይም ብርሃን በማያስገባ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ማንሳት ያስፈልጋል።

ምርመራው የሚደረግበት ቦታም ከዘዴው እኩል ያሳስበኛል። በአሜሪካ ደንብ እያንዳንዱ የጥሬ ወተት ቦቴ ወተቱ ከመቀነባበሩ በፊት ለፔኒሲሊን ቤተሰብ ይመረመራል፣ ከተገኘበት ይወገዳል። ሸማቹን ይጠብቃል፣ ጥሩ ነው። ግን ቦቴው ጋ ሲደረስ የአንዷ ላም ወተት ከሌሎቹ ጋር ተደባልቋል። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ርካሽና ፈጣን መመርመሪያ ትልቁ ጥቅሙ ላሚቱ ጎን መሆኑ ነው፣ ባልዲው ወደ ጋኑ ከመገልበጡ በፊት። እዚያ የሚደፋው አንድ ባልዲ ነው።

እዚያ ለመድረስ ደግሞ መመርመሪያው መንገዱን መቻል አለበት። ያ ውብ ቀይ ፈሳሽ ለምሳሌ በረዶ ከሆነ ቅንጣቶቹ ይጣበቃሉ፣ ሲቀልጥም አይመለስም። ወረቀት ላይ የደረቀው ይሻላል።

አንድ ሙከራ ባየሁ ብዬ እመኛለሁ። አብዛኛው ጥናት ንጹሕ መድኃኒት ገዝቶ፣ ጤነኛ ወተት ውስጥ ጨምሮ፣ “አገኘሁት” ይላል። የታከመች ላም ወተት ግን ሌላ ነው፣ መድኃኒቱ በሰውነቷ ውስጥ አልፏል፣ ከፊሉ ተለውጧል፣ ወተቱም የታመመ ጡት ወተት ነው። እንግዲህ የታከሙ ላሞችን ይዞ፣ ከሕክምናው ቀን ጀምሮ ጠዋትና ማታ ከእያንዳንዷ ወተት ወስዶ፣ ግማሹን ለስትሪፑ ግማሹን ለትልቁ ማሽን መስጠት ነው። የጠፋችው ቀይ መስመር ተመልሳ የምትወጣበት ቀን፣ ማሽኑ ከ4 በታች ከሚያነብበት ቀን ጋር ይገጥማል ወይስ ቀድማ ትወጣለች?